ዶፉ ሲመጣ ከመኪናው ጎን ማን ቀረ?

ስለ አሮጌ መኪና ልጽፍ እንደሆነ የሰማ አንድ ጓደኛዬ «ዓለም ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ያወራል፣ አንተ ስለ ቮልስ!» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ጽሑፉን አንብቦ ሲጨርስ ግን አንድ ጥያቄ እንዲመልስልኝ እፈልጋለሁ። ጥያቄዋን መጨረሻ ላይ አመጣታለሁ።

ይህቺን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር እዚሁ ሐዋሳ የድሮ መኪና ያላቸው ሰዎች ተጠራርተው፣ መኪኖቻቸውን አጣጥበውና አሰማምረው፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሜዳ ላይ አሰልፈው ነበር። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድተው የመጡ አሉ። ከሻሸመኔና ከዲላ የመጡ አሉ። እንደ አጎቴ ከዚሁ ከከተማው፣ ከገዛ ግቢያቸው ያወጡም አሉ። ቆጥሬያቸዋለሁ፤ 14 ነበሩ። ዘጠኙ ቮልስዋገን፣ ሦስቱ ፔጆ፣ አንዷ ትንሿ ፊያት 600፣ አንዱ ደግሞ ላንድሮቨር። ትልቅ ዝግጅት አልነበረም። አንድ ድንኳን፣ አንድ ጀነሬተር፣ ሁለት ስፒከርና ቡና የሚያፈሉ ሴቶች፤ በቃ።

የአጎቴ ቮልስ እ.ኤ.አ. የ1968 ስሪት ናት። አያቴ የገዛት፣ አጎቴ መንዳት የተማረባት፣ እናቴ እኔን ልትወልድ ሆስፒታል የሄደችባት መኪና ናት። ለቤተሰባችን ከመኪናነት አልፋ እንደ አንድ ሰው ትቆጠራለች ብል ማጋነን አይሆንም። ሆኖም የአጎቴ ልጆች «ትሸጥና እንገላገል» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። አጎቴ ዕድሜው ገፍቷል፣ መለዋወጫ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል፣ ቆማ በከረመች ቁጥር ትዝጋለች። እውነት ለመናገር እኔም በልቤ ከልጆቹ ጋር ነበርኩ። ወደ ሜዳው የሄድኩትም አጎቴን ላለማስቀየም እንጂ ብዙ ጓጉቼ አልነበረም።

በሐዋሳ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ብሎ ይቆይና ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። የዚያን ቀንም ጠዋቱ ብራ ነበር። ሕፃናት መሪ እየጨበጡ ፎቶ ይነሳሉ፣ ጎልማሶች «እኔ እኮ በዚች ነበር መንጃ ፈቃድ የወጣሁት» እያሉ ያወጋሉ፣ ባለቤቶቹ በጨርቅ የጠረጉትን መልሰው ይጠርጋሉ። 9 ሰዓት ገደማ ላይ ከታቦር ተራራ በላይ ሰማዩ ጠቆረ። መጀመሪያ አቧራ፣ ቀጥሎ ትላልቅ ጠብታ፣ ከዚያ በረዶ የተቀላቀለበት ዶፍ! ድንኳኑ ከነካስማው ተነቅሎ ተገለበጠ። ከቡና ሻጮቹ አንዷ «ሽቦው ውኃ ውስጥ ነው! ጀነሬተሩን አጥፉት!» ብላ ባትጮህ ኖሮ ምን ሊፈጠር እንደሚችል ማሰቡ ራሱ ያስፈራል።

እኔስ? እውነቱን ልናገር፤ ሮጥኩ። መንገዱን ተሻግሬ ካፌ ገባሁና ማኪያቶ አዝዤ በመስታወቱ ውስጥ በስልኬ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመርኩ። ቪዲዮው አሁንም አለ። አጎቴና ሦስት ሰዎች ቮልሷ ላይ የተጣለውን ሸራ አራት ማዕዘን ይዘው ከነፋሱ ጋር ሲታገሉ ይታያል። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ደግሞ እቤት ለመግባት አልፈለጉም። መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው፣ ጎሚኒው ያረጀው የፊት መስታወት የሚያስገባውን ውኃ በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። በቪዲዮው ላይ የኔ ሳቅ ይሰማል። ዛሬ ያንን ሳቅ ስሰማ አፍራለሁ።

ዶፉ ወደ 40 ደቂቃ ቆየ። ሲያባራ ከትልቁ ሾላ ዛፍ ላይ የተገነጠለ ቅርንጫፍ መሬት ላይ ተዘርግቶ አየን። እዚያ ቦታ ላይ ከጥቂት ደቂቃ በፊት አንዱ ፔጆ ቆሞ ነበር። ባለቤቱን «ከዛፍ ሥር አውጣት፣ አሁኑኑ አውጣት!» ብለው እየተቆጡ ያስነሱት አንድ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው ልበላቸው።

ችግሩ ግን ያኔ ገና መጀመሩ ነበር። ከ14ቱ መኪኖች ስድስቱ አልነሳ አሉ። ከነሱ አንዷ የአጎቴ ናት። ጀማሪው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። አጎቴ ከሩቅ አይቶኝ «ይኸው ኢንጂነሩ መጣ!» አለ። የአራተኛ ዓመት የአውቶሞቲቭ ተማሪ አይደለሁ? ኮራ ብዬ ቦርሳዬን ከፈትኩና ከጓደኛዬ የተዋስኩትን ስካነር አወጣሁ። ጋሼ አገላብጠው አዩትና «ጎሽ ልጄ፣ ይኼ የት ነው የሚሰካው?» ብለው ጠየቁኝ።

የትም። የምንማርበት ኦቢዲ ሁለት የሚባለው መሰኪያ በአሜሪካ በአዳዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የ1968 ቮልስ ውስጥ የምናናግረው ኮምፒውተር የለም። ይህንን በክፍል ውስጥ ብጠየቅ እመልሰው ነበር። ሜዳ ላይ ግን እጄ የለመደውን ነው ያወጣሁት።

ጋሼ አልሳቁብኝም። «አፍንጫህን ተጠቀም» አሉኝ። «ቤንዚን ሸተተህ? እንግዲያው ቤንዚን አላጣችም፤ ያጣችው እሳት ነው።» ከዚያ የኋላውን ኮፈን ከፍተው የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን የያዙትን ሁለት ማቀፊያዎች በአውራ ጣታቸው አላቀቁ። ክዳኑ ውስጡ ላብ መስሎ ነበር። በደረቅ ጨርቅ ጠረጉት። የቦቢናውን አናትና የካንዴላ ገመዶቹንም አንድ በአንድ አደረቁ። «ሞክር» አሉት አጎቴን። ተነሳች!

ነገሩ ሲገለጥ ቀላል ነው። ቦቢናው ከ10 ሺህ ቮልት በላይ ያመነጫል። ይህ ኃይል ካንዴላው ጫፍ ላይ ያለውን ክፍተት ዘልሎ እሳት መፍጠር አለበት። ክዳኑ ውስጥ እርጥበት ካለ ግን ኤሌክትሪኩ ክፍተቱን ከመዝለል ይልቅ በእርጥቡ ገጽ ላይ ሾልኮ ይጠፋል። መኪናው አልተበላሸም ማለት ነው፤ ረጥቧል እንጂ። ይህንን የማያውቅ ሰው ባትሪው እስኪያልቅ ጀማሪውን ያሽከረክርና ጎታች መኪና ይጠራል። የሚያውቅ ሰው ኪሱ ውስጥ ጨርቅ ይዞ ይመጣል።

ጋሼ ሁለተኛውን መኪና እያሳዩኝ ሠሩ። ሦስተኛውን፣ አራተኛውንና አምስተኛውን እኔ እንድሠራ አደረጉኝ። ስድስተኛው ግን እምቢ አለ፤ ላንድሮቨሩ ጎትቶ ወሰደው። ያን ቀን ማታ እቤቴ ስገባ ልብሴ ረጥቦ፣ እጄ ዘይት ሆኖ ነበር። አልዋሽም፣ በአራት ዓመት ቆይታዬ እንደዚያ ቀን የተማርኩበት ቀን የለም።

እንግዲህ ከዚህ ተነስቼ አስተያየቴን ላቅርብ።

ብዙ ሰው የዚያን ቀን ዝግጅት «ዝናቡ አበላሸው» ብሎ ነው የሚያወራው። እኔ በበኩሌ አልስማማም። ዝናቡ ዝግጅቱን ፈተነው እንጂ አላበላሸውም። ጠዋት ላይ ያየነው የታጠበ ቀለም ነው። ከሰዓት በኋላ ያየነው ግን እነዚህን መኪኖች ግማሽ ምዕተ ዓመት በሕይወት ያቆያቸው ምን እንደሆነ ነው። እሱም ብረቱ አይደለም። ከመኪናው ጎን የማይሸሽ ሰው፣ ያም ሰው የያዘው ዕውቀት ነው። ዕውቀቱ ደግሞ በዕድሜ የገፉ ጥቂት ሰዎች እጅ ላይ ነው ያለው። እኔን ያሳሰበኝ ይኸው ነው።

ደግሞስ በኢትዮጵያ የመኪና ታሪክ መቼ ከዶፍና ከጭቃ ተለይቶ ያውቃል? የመጀመሪያው አውቶሞቢል ዓፄ ምኒልክ ዘንድ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከባሕሩ ጠረፍ ተነስቶ አዲስ አበባ ሲገባ ለመኪና የተሠራ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። ባቡሩ ራሱ ገና ድሬዳዋ ላይ ነበር። ቮልስዋገንም በአገራችን የተወደደችው በውበቷ ብቻ አይደለም። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር በመሆኑ ራዲያተር የላትም፤ ስለዚህ ዳገት ላይ ውኃ አታፈላም። ሞተሩ ከኋላ ስለሚያርፍ ክብደቱ የሚነዱትን ጎማዎች መሬት ያስይዛቸዋል፤ ጭቃ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡትም በቮልስዋገን ነበር። ከሕዝብ እስከ ንጉሥ ያልተሳፈረባት የለም ማለት ነው።

ዛሬ ሙዚየም በሆነው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ አውቶሞቢሎች በጣሪያ ሥር ለጎብኚ ይታያሉ። ይህ ጥሩ ነው፣ ደስም ይላል። ነገር ግን የመምህሩ፣ የነጋዴው፣ የነርሷ፣ የታክሲ ነጂው መኪና ሙዚየም የለውም። ክረምት ከበጋ ደጅ ላይ ነው የሚያድረው። ለእነዚህ መኪኖች ሙዚየማቸው ባለቤታቸው ነው፤ እሱ ሲደክም እነሱም ያበቃላቸዋል።

ከአሁን በኋላ ደግሞ ተተኪ የላቸውም። የመጨረሻዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ስትወጣ ቁጥሯ 21,529,464 ነበር። በኛ አገር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። ውሳኔዎቹ ትክክል ናቸው አይደሉም የሚለውን ሌላ ቀን እንከራከርበት። ውጤታቸው ግን ግልጽ ነው፤ ሌላ አሮጌ መኪና አይመጣም። ያለን ይኸው ያለን ብቻ ነው።

ይህን ያነበበ ሰው «ታዲያ በበረዶና በመብረቅ ሥር ቆመን እንሙት ነው የምትለው?» ሊለኝ ይችላል። አይደለም! እዚህ ላይ ነው ነጥቤ እንዲያዝልኝ የምፈልገው። መጽናት ሌላ፣ ግትርነት ሌላ።

በዓለም ላይ ሁለቱንም የሚያሳዩ ምሳሌዎች አሉ። በእንግሊዝ አገር ከመኪና ፊት ፊት ሰው በእግሩ እንዲሄድ ያስገድድ የነበረው ሕግ ሲነሳና የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት ወደ 22 ኪሎ ሜትር ከፍ ሲል፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1896 ባለመኪኖች ደስታቸውን ለመግለጽ ከለንደን ወደ ብራይተን ነዱ። ቀኑ ዝናብና ነፋስ ነበር፤ እነሱ ግን ነዱ። ያ ጉዞ እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ እንደ መታሰቢያ ሲካሄድ ኖሯል፤ የሚካሄደውም ኖቬምበር ላይ ነው። እዚያ ወር እንግሊዝ ውስጥ ብራ ቀን ማን ይጠብቃል? የሚሳተፉት መኪኖች ከ1905 በፊት የተሠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹም ጣሪያ የላቸውም። ሰዎቹ ካፖርታቸውን ደርበው ይነዳሉ። ይህ ጽናት ነው።

በሌላ በኩል በዚያው አገር ጉድውድ በሚባል ቦታ በየዓመቱ ትልቅ የመኪና ፌስቲቫል ይካሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2023 ከባድ ነፋስ እንደሚመጣ ሲተነበይ አዘጋጆቹ የቅዳሜውን ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ሰረዙ። በፌስቲቫሉ የ30 ዓመት ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። ቲኬት ተሸጧል፣ መኪኖች ከየአገሩ መጥተዋል፣ ገንዘብ ፈስሷል። ሆኖም ድንኳንና ግንብ ሰው ላይ ከሚወድቅ ኪሳራው ይሻላል አሉ። እሑድ ዕለት ቀጠሉ። ይህም ቢሆን ለኔ ጽናት ነው፤ ነገ ለመቆም ዛሬ ዞር ማለት።

የኛዋ ቅዳሜ ከሁለቱም አልነበረችም። ማንም ሰው ቀድሞ አልወሰነም። የሸሸው በደመ ነፍስ ሸሸ፣ የቀረው በፍቅር ቀረ። አደጋ ያልደረሰው በዕቅድ ሳይሆን አንዲት ቡና ሻጭና አንድ ጡረተኛ መካኒክ ዓይናቸው ንቁ ስለነበረ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አይገኝም።

ስለዚህ ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ዝግጅት ለሚያስብ ሁሉ፣ ከዚያ ቀን የተማርኩትንና በኋላ መምህራንን ጠይቄ ያጣራሁትን ላካፍል።

አንደኛ፣ ቀን መምረጥ ነው። እዚህ አካባቢ ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ወር ነው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ክረምቱ አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ እያለ በሚያዝያ ሜዳ ላይ መውጣት ዝናቡን ቀጥሮ እንደመጥራት ነው። ሰዓቱም ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላውን ለነፋሱ እንተውለት።

ሁለተኛ፣ ቦታ። ከትልልቅ ዛፎች ሥር አይቆምም። ጥላው ደስ ይላል፣ ቅርንጫፉ ግን ዘመድ አያውቅም። ውኃ የሚያቁር ቦታም አይሆንም፤ ትንሽ ከፍ ያለ መሬት ይመረጥ።

ሦስተኛ፣ መብረቅ። ብልጭታው ከታየበት እስከ ነጎድጓዱ ድረስ ቁጠሩ። 30 ሰከንድ ካልሞላ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ ሜዳውን ለቅቆ መግባት አለበት። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ላሜራ ጣሪያ ያለው የተዘጋ መኪና ጥሩ መጠለያ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በውጪው ብረት ላይ አልፎ ወደ መሬት ይወርዳል። መምህርቷ ሳያውቁት ከሁላችንም የተሻለ ቦታ ነበር የተቀመጡት። የሸራውን ጫፍ ይዘው ሜዳ ላይ ቆመው የነበሩት እነ አጎቴ ግን ተሳስተዋል። እወዳቸዋለሁ፣ ግን ተሳስተዋል።

አራተኛ፣ ሸራና ላስቲክ። በነፋስ ጊዜ ላስቲክ መኪና ላይ መጣል ቀለሙን ከማዳን ይልቅ ይፍቀዋል፤ ከሥሩ ያለው አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ተሸፍኖ ከቆየ ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ ዝገት ያመጣል። ዝናብ ብቻውን መኪና አይገድልም፤ የሚገድለው ተቋጥሮ የሚቀር ውኃ ነው። የበሮቹ የታችኛው ጠርዝ ላይ ያሉ ትንንሽ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በአፈር ከተደፈኑ በሩ ከውስጥ ይበሰብሳል። ቮልስ ላይ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ እዚያ ያለው ወለል ቀድሞ ይበላል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ያለው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው፤ ምንጣፉን ማንሳት፣ በሮቹን ከፍቶ ማናፈስ፣ ቀዳዳዎቹን በሽቦ መጥረግ።

አምስተኛ፣ ፍሬን። ውኃ ያቆረ መንገድ ላይ ያለፈ ከበሮ ፍሬን ለጊዜው አይዝም። ቀስ ብሎ እየነዱ ፔዳሉን ለስለስ አድርጎ በመርገጥ ማድረቅ ያስፈልጋል። ይህን አጎቴ በመመለሻችን አሳይቶኛል። መንገዱ ጎርፍ ሞልቶት ባጃጆች ዳር ይዘው ቆመው ነበር። እሱ ግን በአንደኛ ማርሽ፣ ሳይጣደፍ፣ በየጥቂት ሜትሩ ፍሬኑን እየነካ ቤት አደረሰን።

አሁን ወደ ዲፓርትመንታችን ልምጣ። እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ከላይ ከዘረዘርኳቸው ነገሮች ስንቱን ነው በተግባር የምናውቀው? ዲስትሪቢዩተር፣ ኮንታክት ፖይንት፣ ካርቡሬተር በሃንድአውታችን ላይ ጥቂት ገጾች ይዘው አሉ። ለፈተና እናጠናቸዋለን፣ ከፈተና በኋላ ይጠፋሉ። መምህራኖቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ ወደፊት የሚጠብቀን ሥራ ሌላ እንደሆነ እነሱም እኛም እናውቃለን። የባትሪ መኪና ጥገና መማር አለብን፣ ግዴታችን ነው። ግን አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል ለምን አስፈለገ?

የማቀርበው ሐሳብ ብዙ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። በወር አንድ ቅዳሜ ከተማው ውስጥ ካሉ በዕድሜ የገፉ መካኒኮችና ላሜራ ሠሪዎች አንዱን ወደ ወርክሾፓችን እንጋብዝ። ሻይ እናቅርብላቸው፣ አበል ቢጤም ይታሰብላቸው። እነሱ ይሥሩ፣ እኛ እንይ፣ ከዚያ እኛ እንሥራ። የሚሉትን እንጻፍ። ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፓራፋንጎ እያሉ ከጣሊያን ወስደው የራሳቸው ያደረጉት የጋራዥ ቋንቋ እንኳ ራሱን የቻለ መዝገብ የሚገባው ነው። ከዚያ በበጋው ወራት እኛው ራሳችን አንድ የድሮ መኪና ትርኢት እናዘጋጅ። መኪኖቹን ለማየት ብቻ አይሁን፤ ውኃ ረጭተን ያልነሳችውን መኪና ተማሪ የሚያስነሳበት ይሁን። ያኔ ትርኢቱ ፈተናም ትምህርትም ይሆናል።

ተቃውሞ እንደሚኖር አውቃለሁ። «እነዚህ መኪኖች ጭስ ያወጣሉ» ይባላል፤ እውነት ነው። «ኤርባግ የላቸውም፣ ለአደጋ የተጋለጡ ናቸው» ይባላል፤ ይህም እውነት ነው። እኔም የከተማው ሰው ሁሉ ቮልስ ይንዳ አላልኩም። በዓመት ጥቂት ቀን የሚወጡ፣ በደንብ የተያዙ ጥቂት መኪኖች ግን የከተማውን አየር አይለውጡትም። ከሁሉም በላይ ደግሞ በእነሱ ላይ የሚገኘው ልማድ ለአዲሱም ይጠቅማል። በአፍንጫ፣ በጆሮና በጣት መመርመር፣ «ምን ጎደለ?» ብሎ ከመሠረቱ መነሳት፣ ስካነሩ ዝም ሲል ግራ አለመጋባት። የኤሌክትሪክ መኪናም አንድ ቀን ዝናብ መትቷት መንገድ ላይ ትቆማለች። ያኔ እርጥበት የት ገባ ብሎ የሚያስብ ሰው ያስፈልጋል።

የአጎቴ ቮልስስ ምን ሆነች? አልተሸጠችም። ልጆቹ አሁንም «ትሸጥ» ይላሉ፤ ክርክሩ አላበቃም። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ በየሁለት ሳምንቱ እሄዳለሁ። ምንጣፏን አነሳለሁ፣ የበሮቿን ቀዳዳ እጠርጋለሁ፣ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን እከፍታለሁ። አጎቴ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። አንድ ቀን «አንተ፣ የዚያን ዕለት የት ነበርክ ዶፉ ሲወርድ?» ብሎ ጠየቀኝ። ካፌ ውስጥ ማኪያቶ እየጠጣሁ ስቄብህ ነበር ማለት አልቻልኩም። ዝም አልኩ። እሱም ዝም ብሎ ደረቅ ጨርቅ አቀበለኝ። መልሱን ይኸው እዚህ ጽፌዋለሁ፤ ቡለቲኑን አንብብልኝ ሲለኝ ይሰማዋል።

መጀመሪያ ላይ ለጓደኛዬ ቃል የገባሁት ጥያቄም ይህ ነው። ጋሼ ዕድሜያቸው ሰባዎቹን ተሻግሯል። በሚቀጥለው ዶፍ እሳቸው ሜዳው ላይ ባይኖሩ፣ ያልተነሳችውን መኪና ክዳን የሚከፍተው ማነው? አንተ ነህ? እኔ ነኝ? ወይስ ሁላችንም ካፌ ውስጥ ሆነን ቪዲዮ እየቀረጽን ነው?

አስተያየታችሁን በዲፓርትመንቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ በኩል ብትጽፉልኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።